ስለ እንግሊዝ የጥንት ጋዜጦች ጽፌ ብመረቅ ማን ይቀጥረኛል?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ጋዜጦችና ደራሲዎች የሕዝቡን የፖለቲካ አመለካከት እንዴት እንደቀረጹ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። አማካሪ መምህሬ ርዕሱ በጣም ሰፊ ነው ብለው መለሱልኝ። ቤተሰቦቼ ደግሞ በዚህ ማን ይቀጥርሻል ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ አማካሪሽ እውነታቸውን ነው፤ የቤተሰቦችሽም ስጋት ቀላል አይደለም። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ ርዕሱን አጥብቢው። አንድ የፖለቲካ ጠብ፣ ጥቂት ሳምንታት፣ ሁለት ሦስት ጋዜጦች ይበቁሻል። እያንዳንዱን ወረቀት ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደከፈለበትና ማን እንዳነበበው መርምሪ። ቀጣሪ የሚፈልገው ይህን ችሎታ ነው።

የምንመክርሽ ከኖቬምበር 27 ቀን 1711 እስከ ጃንዋሪ 1712 መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው (የእንግሊዝን ታሪክ በምናነሳበት ሁሉ ቀኑ እንደ አውሮፓውያን ነው)። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ወደ 10 ዓመት ሆኗታል። ባለመሬቱ ከመሬቱ ገቢ በፓውንድ 4 ሺሊንግ፣ ማለትም ከመቶ 20 ይገብራል። ሥልጣን የያዙት ቶሪዎች የተባሉት የፖለቲካ ወገኖች ሰላም ይፈልጋሉ፤ ተቀናቃኞቻቸው ዊጎችና የጦር አዛዡ የማርልቦሮ መስፍን አይሆንም ይላሉ። ፓርላማው ሊከፈት 10 ቀን ሲቀረው ደራሲው ጆናታን ስዊፍት ስሙን ሳይጠቅስ «የአጋሮቹ አካሄድ» (The Conduct of the Allies) የተባለ በራሪ ጽሑፍ አወጣ። መረጃውን ያገኘው ከሚኒስትሮቹ ነበር፤ የሚለውም እንግሊዝ ገንዘቧንና ልጆቿን የምትገብረው ለሆላንድና ለኦስትሪያ ጥቅም ነው ነው። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 11,000 ቅጂ ተሸጠ። ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ ብዙ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ማርልቦሮ ተሻረ፤ በ1713 የዩትሬክት ስምምነት ተፈረመ፤ ስለዚህ ጽሑፉ ጦርነቱን አስቆመ ተብሎ ይደመደማል። ነገር ግን ጽሑፉ ከወጣ ከ10 ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 7፣ የጌቶች ምክር ቤት የሰላሙን ዕቅድ በመቃወም ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ንግሥት አን መንግሥቷን ያዳነችው 12 አዳዲስ ጌቶችን ሾማ ድምፁን በመገልበጥ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ እያልሽ አትድከሚ። ይልቅ የስዊፍት መከራከሪያ ወደ የትኛው ጋዜጣ፣ በስንት ቀን፣ በምን ቃል እንደተሻገረ ተከተይ። ይህ በማስረጃ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

ርዕሱን ከማስመዝገብሽ በፊት ምንጩን በእጅሽ አስገቢ። የዘመኑ ጋዜጦች ትልቁ ክምችት፣ የበርኒ ስብስብ፣ የብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ በኢንተርኔት የሚታየው ግን በክፍያ ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ፈቃድ እንዳለው የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቂ። ካለው የቶሪውን «ፖስት ቦይ» እና የዊጉን «ፍላይንግ ፖስት» ያዢ፤ ሁለቱም በሳምንት ሦስት ጊዜ ይወጡ ስለነበር በዘጠኝ ሳምንት 54 ያህል እትም ይሆናሉ። ካልሆነ የስዊፍትን ጽሑፍ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ፣ የመንግሥቱን «ለንደን ጋዜት» ከራሱ ድረ ገጽ በነፃ ታገኛለሽ። የዳንኤል ዴፎ «ሪቪው»ም በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። እሱን ስታነቢ አንድ ነገር አትርሺ፤ ዴፎ ከሚኒስትሩ ከሮበርት ሃርሊ በምስጢር ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ አንባቢው ግን ይህን አያውቅም።

እትሞቹን በኤክሴል መዝግቢ፤ ለቀኑ፣ ለጋዜጣው፣ ለአታሚው፣ ለመከራከሪያው፣ ለዋናው ቃልና ለገጹ ለየብቻ ዓምድ ስጪ። አታሚውን እንዳትዘይው። በገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው መስመር ብዙ ታወጣለች። ለምሳሌ «ስፔክቴተር» በተባለው ጋዜጣ ግርጌ የሚነበበው ሳሙኤል በክሊ የተባለው አታሚ፣ «ዴይሊ ኩራንት» የተባለውንም ዕለታዊ ጋዜጣ ያትም ነበር። አንዷ መስመር ሁለት ጋዜጦችን ታያይዛለች።

ቀኑ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ዕድለኞች ነን፤ ዘመን መለወጥ ለምደናል። ያን ጊዜ እንግሊዝ ከአውሮፓ 11 ቀን ወደኋላ ነበረች፤ የለንደን ኖቬምበር 27 በፓሪስ ዲሴምበር 8 ነው። አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ስለሚገባ የ1712 ጃንዋሪ 1711 ተብሎ ተጽፎ ታገኚያለሽ። ይህን ያላስተዋለ ሰው ምላሹን ከጥያቄው በፊት ያስቀድማል።

በኮምፒውተር ስትፈልጊም ተጠንቀቂ። በዘመኑ ኅትመት ውስጥ ረጅሙ «ኤስ» የተባለው የፊደሉ የድሮ ቅርጽ (ſ) «ኤፍ» (f) ስለሚመስል ማሽኑ «ሴኔት»ን «ፌኔት» ብሎ ያነባል። ቃሉን በሁለቱም መልክ ካልፈለግሽ ግማሹ ማስረጃ ያመልጥሻል፤ «ጸሐይ»ንና «ፀሐይ»ን ለየብቻ እንደምንፈልገው ማለት ነው።

ቁጥርም ያታልላል። ከ«ስፔክቴተር» አዘጋጆች አንዱ የነበረው ጆሴፍ አዲሰን በ1711 ጋዜጣው በቀን 3,000 ቅጂ እንደሚሰራጭ ጽፎ፣ ለእያንዳንዱ 20 አንባቢ አስልቶ 60,000 አደረሰው። ቡና መጠጫ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደነበር እውነት ነው፤ 20ው ግን የባለቤቱ ግምት ነው። ስትጠቅሺው ግምት መሆኑን ጻፊ።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ይህን የሠራ ሰው የሚገባባቸው ቦታዎች የሕዝብ ግንኙነት፣ የሚዲያ ክትትል፣ የመረጃ ማጣራት፣ የቤተ መዛግብትና የጥናት ሥራ ናቸው። ሲቪሽ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ብቻ አትጻፊ። «54 የጋዜጣ እትሞችን መዝግቤ የአንድ መከራከሪያን ስርጭት በቀን ተከታትያለሁ» ብትዪ ቀጣሪው ምን እንደምትችዪ ይገባዋል። አብረሽ ሁለት ነገር አያይዢ፤ ሠንጠረዡን፣ እና ስለ እንግሊዝ ምንም ለማያውቅ ኃላፊ የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ።

ሦስተኛው ናሙና ከአገር ቤት ይሁን። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረውን «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በወመዘክር ወይም በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጠይቀሽ፣ የአንድ ወር እትሞችን በዚያው ሠንጠረዥ መዝግቢ። እዚህ ላሉ ቀጣሪዎች ከስዊፍት ይልቅ ይህ ይቀርባቸዋል፤ ደግሞም በዚህ መልክ የሠራው ሰው ብዙ አይደለም።

ማስተርስ ካሰብሽ ቺቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ ነገር ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ተምረሽም ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ እንደተመረቅሽ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ሥራ ያዢ፣ የሠራሽበትንም ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን መዝግቢ።

በዚህ ሳምንት የሚጠበቅብሽ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ አነጋግረሽ፣ የአንድ ቀን እትም አግኝተሽ፣ የሠንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር ሞልተሽ ለአማካሪሽ ማሳየት ነው። ርዕሱን እሳቸው ፊት አብራችሁ አስተካክሉት።