ልዑል ዓለማየሁ፦ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ አንባብያን ጥያቄዎች

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ልጅ አስተዳደግና ትምህርት ከሁለቱ ሰፈሮች የደረሱን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ከመቅደላ ሲወሰድ ዕድሜው ስንት ነበር? ማን ወሰደው?

መልስ፦ ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። አባቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በግንቦት ትግራይ ላይ አረፉ። ከዚያ ሞግዚት የሆነው እንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ አገሬው ባሻ ፈለቀ ይለዋል። አማርኛ ይናገር ስለነበር ልጁ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው አላጣም።

ጥያቄ፦ ወራሽ ነበር እንዴ? መሸሻ የሚባል ወንድም ነበረው ይባላል።

መልስ፦ መሸሻ የሚባል ታላቅ ወንድም በእርግጥ ነበረው። ዓለማየሁ ግን ከሕጋዊቷ ሚስት የተወለደ ነው፤ ወራሽነቱ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን በቀጥታ ራግቢ በተባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ነው የጀመረው?

መልስ፦ አይደለም፤ መካከሉን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በጁላይ 1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ደርሶ ኦዝቦርን በተባለው መኖሪያዋ ከንግሥት ቪክቶሪያ ጋር ተገናኘ። ስፒዲ ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም በዛሬዋ ማሌዥያ ወደምትገኘው ፔናንግ ሲመደብ ልጁን ይዞት ሄደ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ እንዳይለይ ብትፈልግም የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው እንግሊዝ ገብቶ እንዲማር ወሰነ። የቸልተንሃም ኮሌጅ ኃላፊ ጀክስ ብሌክ ተረከበው፤ ኃላፊው በ1874 እ.ኤ.አ. የራግቢ ርዕሰ መምህር ሲሆን ልጁም ተከተለ። ስለዚህ “ራግቢን መረጡለት” ከማለት “አሳዳጊው በሄደበት ሄደ” ማለት ይሻላል። በላቲንና በግሪክኛ ላይ የቆመው የዚያ ዘመን ትምህርት እንዲህ ከቤት ቤት ለዞረ ልጅ ከባድ ነበር፤ ጥሩ ስም ያተረፈው በስፖርት ነው።

ጥያቄ፦ ሳንድኸርስት የተባለውን የእንግሊዝ የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ለምን አልጨረሰም?

መልስ፦ በ1878 እ.ኤ.አ. ገባ፣ አልተስማማውም፣ ተወው። ሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ፣ ራግቢ ያስተማረው ሲሪል ራንሰም ዘንድ ሄደ። እዚያም በሳንባ ሽፋን ብግነት ታምሞ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ አረፈ። ዊንድሰር ተቀበረ። ኢትዮጵያ በ2007 እ.ኤ.አ. አፅሙ እንዲመለስ ጠየቀች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት “የሌሎችን አፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም” ብሎ እምቢ አለ። ጥያቄው መቅረት የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ለክፍል ሥራ ቀኖቹን ከፈረንጆች ወደ እኛ አቆጣጠር ስትቀይር አንድ ቀን ይጎድልባታል። ለምን?

መልስ፦ ለዛሬ ቀኖች የተዘጋጀውን የቀን ማመሳከሪያ ስለተጠቀመች ነው። እ.ኤ.አ. 1900 በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም፤ እኛ ግን አልዘለልነውም። ስለዚህ ከማርች 1900 በፊት ላሉት የዚያ ክፍለ ዘመን ቀኖች፣ በዛሬው ማመሳከሪያ የወጣው ላይ 1 ቀን ትጨምር። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ሚያዝያ 5 ይወጣላታል፤ ትክክሉ 6 ነው። ዓመቱን በተመለከተ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ላሉት ቀኖች 8 ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላሉት 7 ዓመት ትቀንስ። ዕለተ ሞቱም ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ይሆናል።