መልስ፦ ቦምብ የቀበረ ሰው ቢገረፍ ምን ነውር አለው?

ወንድሜ፣ «ገርፎ ማውጣጣት ስንት ነፍስ ያተርፋል፤ ሕጉስ ምን ይላል?» ብለሃል። የተገረፈ ሰው የሚናገረው እኮ ዱላውን የሚያስቆምለትን ነው። በአልቃይዳ አባልነት ተጠርጥሮ ተይዞ አሜሪካኖች ለግብፅ አሳልፈው የሰጡት ኢብን አል ሸይክ አል ሊቢ ሥቃዩ ሲበዛበት «ኢራቅ አልቃይዳን በኬሚካል መሣሪያ አሠልጥናለች» አለ። የያኔው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ይህንኑ በጥር 1995 ዓ.ም. ለጸጥታው ምክር ቤት አቀረበው። አል ሊቢ ቃሉን ያጠፈው የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ለእኛማ ምኑ አዲስ ነው? እዚሁ ጎንደር ቀይ ሽብርን ያዩ አባቶችን ጠይቅ። ወፌ ላላ ማለት እጅና እግር ታስሮ፣ በእንጨት ተንጠልጥሎ፣ አፍ በጨርቅ ተወትፎ ውስጥ እግርን መገረፍ ነው። እንዲናገር የሚፈለግን ሰው አፉን መወተፍ! (ጩኸቱ ለጎረቤት እንዳይሰማ ይመስለኛል።) እንዲህ ሆኖ የጓደኛውን ስም ያልጠራ ጀግና ነው፤ የጠራውንም አልፈርድበትም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔን ይከለክላል፤ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ገራፊውን ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ትእዛዝ የሰጠውንም አይምርም። ተገድዶ የፈረመ ዘመድ ካለህ ችሎት ሲቀርብ ለዳኛው ይናገር፤ ቃሉም መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ።