ጸጸትና ንስሐ፦ የድሬና የሐረር ምእመናን ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር ስለ ጸጸትና ንስሐ የምታቀርቡትን ጥያቄ እዚሁ በጽሑፍ እስከ ሠርክ ጸሎት ድረስ ይመልሳል። ጠይቁ።

መምህር፦ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ዲያቆን ነኝ፤ የማናዘዝ ሥልጣን የለኝም። ስለዚህ ኃጢአታችሁን እዚህ አትዘርዝሩ። ለዚያ የንስሐ አባት አላችሁ፤ የሌላችሁም ያዙ።

የሳቢያኗ፦ መምህር፣ እናቴ ስታርፍ ቤሩት ሥራ ላይ ነበርኩ። አሠሪዎቼ ፓስፖርቴን ይዘው ስለነበር ለቀብሯ አልደረስኩም። ከመጣሁ ንስሐ ገባሁ፣ ካህኑ ያዘዙኝን ቀኖና ፈጸምኩ፣ ቆረብኩም። ግን ቅዳሴ መሐል ቆሜ «አንቺ ደግሞ ልጅ ነሽ?» የሚል ነገር ይመጣብኛል። ንስሐዬ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው?

መምህር፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ፓስፖርትሽን የያዘብሽ ሰው ነው የሚጠየቀው። እናትሽን አለመቅበርሽ ኀዘን ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም። ያልሠራሽውን በደል አሥር ጊዜ ብትናዘዢ አይለቅሽም፤ የሚፈታ ነገር የለማ! ሙት ዓመቷን አስቢ፣ ስሟን ለጸሎት ስጪ፣ አልቅሺላት። ዕንቅልፍና ምግብ ከራቀሽ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጠበሉም ሐኪም ቤቱም አይጣሉም።

ጥፋት ኖሮበት የመጣ ጸጸትም ቢሆን ሁለት መንገድ አለው። ይሁዳና ጴጥሮስ የወደቁት በአንድ ሌሊት ነው። ይሁዳ አልተጸጸተም የሚል ካለ ማቴዎስ 27ን ያንብብ። በደሌ ነው ብሏል፣ 30 ብሩንም መልሷል። ግን የሄደው ወደ ካህናት አለቆች ነው፤ እነሱ ደግሞ «እኛ ምን ቸገረን» አሉት። ከዚያ ብቻውን ወጣ። ጴጥሮስም ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹ ግን አልተለየም። ጌታ ሲነሣ እዚያው አገኘው፤ ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው። ጸጸት ከሰውና ከቤተ ክርስቲያን እያሸሸ ለብቻችሁ ካስቀመጣችሁ ፍሩት። አዳምም ከበላ በኋላ የሠራው ሥራ ዛፍ ሥር መደበቅ ነው። ጸሎት የሚከብደን፣ ቅዳሴ የምንቀረው፣ ካህን ስናይ መንገድ የምንቀይረው በዚሁ ነው።

ተማሪ ነኝ፦ ንስሐ ምንድን ነው? በአጭሩ።

መምህር፦ በአጭሩ ሂድና ተናዘዝ።

የታይዋን ገበያ ነጋዴ፦ አቦ መምህር፣ እኔ ሱቅ አለኝ። ያው ሚዛን ላይ ትንሽ ትንሽ ነገር ነበረች። አሁን ሕሊናዬን ከብዶኛል። ለታኅሣሥ ቁልቢ ጥሩ ጃንጥላ ይዤ ብወጣ ይቀልልኛል?

አዲስ አበባ ሆኜ፦ ይቅርታ፣ መምህርን «አቦ» ይባላል እንዴ?

የከዚራ ልጅ፦ ድሬ ነው ወንድም። እዚህ አያቱንም «አንተ» ይላል።

መምህር፦ ተዉት፣ እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። ነጋዴው፣ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ስለሚመጣ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጃንጥላው አያቀልልህም። ዘሌዋውያን 6 ላይ ባልንጀራውን ያታለለ ሰው ዋናውን ከነአምስተኛው ጨምሮ ለባለቤቱ እንዲመልስ ታዟል፤ የበደሉ መሥዋዕት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታም መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ቤተ መቅደስ ጃንጥላ አስገባለሁ አላለም። ቅደም ተከተሉን እየገለበጥን ነው የምንቸገረው። የሰው ገንዘብ ኪሳችን ውስጥ እያለ ገብርኤልን እናማልላለን።

ስለዚህ ዛሬ ከሳህኑ ሥር የለጠፍካትን ነገር አንሣ። ጃንጥላው አይደለም የመጀመሪያው፤ እሷ ናት። ከዚያ የምታውቃቸውን ደንበኞች ካስ። ስምህ እንዳይጠፋ ከፈራህ ሲገዙ ጨምረህ መዝንላቸው፤ እንዴት እንደምትፈጽመው ከንስሐ አባትህ ጋር ምከር። ቁልቢ ከዚያ በኋላ ውጣ፣ ደስ ብሎህ ውጣ።

የቁልቢ ተሳላሚ፦ መምህር ስለትን እያናናቅክ ነው። ራስ መኰንን ራሳቸው ለዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው አይደል ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት?

መምህር፦ ስለትን ማን ናቀ? ራስ መኰንን ወደ ጦርነት ሲሄዱ ጥበቃውን ለምነው ነው የተሳሉት፤ ሲመለሱም ምስጋናቸውን አደረሱ። ሚዛን ሰርቀው አልተሳሉም። ስለት ንስሐን አይተካም። ልድገመው፦ ስለት ንስሐን አይተካም።

የከዚራ ልጅ፦ እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቀው። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 በኃጢአታችን ብንናዘዝ እርሱ የታመነ ነው ይላል። ካህን መሐል ምን ያደርጋል?

ሐረር ፈረስ መጋላ፦ ዮሐንስ 20፥23ንስ የት አደረግከው? ይቅር ያላችኋቸው ይቀርላቸዋል ብሎ ለሐዋርያት ሥልጣን ሰጥቷል። ያዕቆብ 5፥16ም እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላል።

የከዚራ ልጅ፦ እርስ በርሳችሁ ነው ያለው፣ ለካህን አላለም።

ሐረር ፈረስ መጋላ፦ ከላዩ ያሉትን ቁጥሮች አንብብ! ሽማግሌዎችን ጥሩ፣ ዘይት ይቀቡት የሚለው ለማን ነው?

መምህር፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ሌላ ጉባኤ የሚበቃ ነገር ነው። ለእምነታችን ልጆች ግን አንድ ነገር ልበል። ዳዊት ነቢዩ ናታን ኃጢአቱን ፊት ለፊት እስኪነግረው ድረስ ዝም ብሎ ነበር የሚኖረው። መዝሙር 50ን በየቀኑ የምንደግመው ዳዊት የተነገረውን ሰምቶ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ስላለ ነው። ራሱን በራሱ የሚዳኝ ሰው ወይ ይምራል ወይ ይሰቅላል። ይበቃል፣ ቀጥሉ።

የበርጫ ልጅ፦ ጫት ሳልተው ንስሐ መግባት እችላለሁ? አቁሜ ልምጣ እያልኩ ሦስት ጾም አለፈኝ።

መምህር፦ አራተኛውም ያልፍሃል። «ትቼ እመጣለሁ» ያለ ሰው ሲመጣ አላየሁም። ዛሬ ሂድና ስንት ሰዓት እንደምትቅም፣ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ለንስሐ አባትህ ሳትደብቅ ንገር። ለመተው መወሰንህን ግን ይዘህ ግባ፤ «ነገም እቅማለሁ፣ ዛሬን ይፍቱኝ» አይሠራም። ብትወድቅ ተመለስና ንገራቸው። ከሰዓት በኋላ ያቺ ሰዓት ስትደርስ ምን እንደምትሠራበትም አስብ፤ ባዶ ከተውካት ጓደኞችህ ይሞሏታል።

ወለተ ሚካኤል፦ 300 ስግደት ታዘዝኩ። ጉልበቴ ታማሚ ነው፣ ድሬ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባልጨርስ ይፈረድብኛል?

መምህር፦ ለካህኑ ጉልበቴ ታሟል ብለሽዋል? ካላልሽ በይው። በጾም፣ በዳዊት ወይም በምጽዋት ይለውጥልሻል። ቀኖና መድኃኒት ነው። ለራስሽ ቀንሰሽ «አደረስኩ» እንዳትዪ ብቻ።

አንድ ሰው፦ በስልክ መናዘዝ ይቻላል?

መምህር፦ ምክር በስልክ ተቀበል። ለኑዛዜና ከኃጢአት ለመፈታት ግን በአካል ቅረብ።

የሐረሯ እናት፦ ልጄ፣ እኔ ስቅለት ስቅለት ካህኑ በወይራ ሲጠበጥቡኝ ስግደቴን ተቀብዬ እሄዳለሁ። አይበቃም?

መምህር፦ እማማ፣ መልካም ሥርዓት ነው፤ አያስቀሩት። ግን ያ ሁሉ ሰልፍ ከኋላዎ ቆሞ፣ ካህኑም ቸኩለው ምኑን ያወሩታል? ሁለት ቃል ተናግረው ነው የሚያልፉት። ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ረጋ ባለ ቀን ሄደው ይቀመጡና ይንገሯቸው።

ሌላ ሰው፦ ሰላም መምህር፣ በስልክ መናዘዝ ይቻላል ወይ?

መምህር፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

ስም አልባ፦ እኔ ከባለቤቴ ውጪ ለሁለት ዓመት…

አስተባባሪ፦ ጽሑፉ ተነሥቷል።

መምህር፦ ስንት ጊዜ ልናገር? እዚህ መቶ ሰው ያነባል፤ ከመቶው አንዱ ጎረቤትህ ነው። ለንስሐ አባትህ!

ስም አልባ፦ የንስሐ አባቴ ካረፉ ቆዩ። አዲስ ለመያዝ አፈርኩ፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

መምህር፦ ይኼን ብትል ኖሮ ይሻል ነበር። አጥቢያህ ሂድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ሲወጡ አንዱን «አባቴ ካረፉ በኋላ ሌላ አልያዝኩም» በላቸው። ይህችን ብቻ። ቀጠሮ ይሰጡሃል። በፊት የተናዘዝከውንና የተፈታኸውን መድገም የለብህም፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የምትናገረው። ሲከብድህ በወረቀት ይዘህ ግባ፤ ስትጨርስ ወረቀቱን አቃጥለው። ቤት ይዘኸው እንዳትመለስ።

ደወሉ ተደወለ፤ እኔ ልሂድ። የቀራችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጋ አገኛችኋለሁ፤ በስልክ ስለመናዘዝ የሚጠይቀኝ ግን አይምጣ።