ከልብ ንቅለ ተከላ በኋላ ስለሚወጡ የደም ሥር እብጠቶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልብ ከተተከለልኝ በኋላ ጣቴ ላይ ቀይ እብጠት ወጣብኝ፤ በትንሽ ንክኪ ይደማል። በቀዶ ሕክምና ላስወግደው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ምንነቱ ይታወቅ። ሰውነትዎ የተተከለውን ልብ እንዳይቃወም የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሽታን የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክሙ፣ ለዐይን የሚመሳሰሉ፣ መነሻቸውና ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ እብጠቶች ሊወጡብዎ ይችላሉ። ፓዮጀኒክ ግራኑሎማ የሚባለው ካንሰር አይደለም፤ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ ይነሣል፣ ሥሩም ይተኮሳል። ባርቶኔላ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው ባሲላሪ አንጂዮማቶሲስ ግን ምንም እንኳ መልኩ ይህንኑ ቢመስልም፣ የሚድነው በምላጭ ሳይሆን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ለዚህ ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው ኤሪትሮማይሲን ተቃውሞን ለመከላከል የሚወሰዱትን የታክሮሊመስንና የሳይክሎስፖሪንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ፣ የንቅለ ተከላ ሐኪምዎ ሳያውቅ አይጀምሩት። በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት ናሙና ሳይወሰድ እብጠቱን በሌዘር ማቃጠል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመረመር ነገር አይተርፍምና።

ጥያቄ፦ ካፖሲ ሳርኮማ ሆኖ ቢገኝስ?

መልስ፦ ይህ ከደም ሥር ሕዋሳት የሚነሣ የካንሰር ዓይነት ነው። የቆዳ ሐኪሙ ሞሪትዝ ካፖሲ በሽታውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1872 ሲሆን፣ መንሥኤው የሆነው የሄርፐስ ቤተሰብ ቫይረስ የታወቀው ግን በ1994 ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ ስለማይወሰን (የአፍ ውስጥም መታየት አለበት) ቀዶ ሕክምና የሚረዳው ጥቂትና የተለዩ እብጠቶች ሲኖሩ ነው። ዋናው እርምጃ የመከላከል አቅምን የሚያዳክሙትን መድኃኒቶች መቀነስ ነው፤ ይሁንና የተተከለ ኩላሊት ቢከሽፍ የኩላሊት እጥበት አለ፣ ለልብ ግን ያን ያህል ቀላል መጠባበቂያ ስለሌለ ቅነሳው በጥንቃቄና በክትትል ይከናወናል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ሲሮሊመስ ወደተባለ ሌላ የተቃውሞ መከላከያ ይለውጣሉ። ሲሮሊመስ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ስለሚያደርግ፣ ቀዶ ሕክምና የታሰበ እንደሆነ ጊዜው ከዚህ ጋር ተገናዝቦ ይወሰናል።

ጥያቄ፦ አንጂዮሳርኮማስ?

መልስ፦ ይህ ከደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት የሚነሣ አደገኛ ካንሰር ነው። በዙሪያው ካለው ጤናማ ሥጋ ጋር ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜም ጨረር ይከተላል። የመመለስ ዝንባሌው ከፍተኛ ነው።

ጥያቄ፦ በምርመራ ከልቤ የደም ሥር ወደ ቀኝ የልብ ክፍል የሚፈስስ ያልተለመደ ቀዳዳ ታየ። ይህም ዕጢ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ተቃውሞ መኖሩን ለማወቅ ከልብ ጡንቻ ናሙና በሚወሰድበት ጊዜ መሣሪያው ትንሽ የደም ሥር ሲነካ እንዲህ ያለ መተላለፊያ ሊፈጠር ይችላል። አብዛኛው ምልክት ስለሌለው በክትትል ብቻ ይታለፋል፤ የሚያልፈው ደም ብዙ ሆኖ ልብን ካስቸገረ በቀጭን ቱቦ በኩል በሚገባ የብረት ጥቅልል ይደፈናል፣ ደረትን መክፈት የሚያስፈልገውም ይህ ሳይቻል ሲቀር ነው።