ከሆድሽ ላይ አትቆጥቢ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን አገር፣ ካስል ከተማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የመጣሁት በዚህ ዓመት ነው። ለቪዛ ብዬ ካስያዝኩት የተቆለፈ የባንክ ሒሳብ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅልኛል። ለቤት ኪራይ 330፣ ለጤና መድን ደግሞ ከ140 በላይ እከፍላለሁ። ምሳ ትቼ እንኳ ገንዘቡ ወር አያደርሰኝም። ጓደኞቼ መድኑን ወደ ርካሽ የግል ድርጅት አዙሪው ይሉኛል። ከሁለት ልጆች ጋር ወደምኖርበት ቤት በስሜ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ የሚል ደብዳቤ መጥቷል፤ ቴሌቪዥን ስለሌለኝ መልስ አልሰጠሁም። እንጀራ ለመግዛት በአውቶቡስ ፍራንክፈርት ድረስ እሄዳለሁ። ለእናቴም ትንሽ መላክ እፈልጋለሁ። ከየቱ ልቀንስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከምሳሽ አትቀንሺ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ እኔም ለትምህርት ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በባዶ ሆድ ቤተ መጻሕፍት የሚውሉ ብዙ ልጆች ስላየሁ ነው። ምሳ የተዘለለ ቀን ማታ የሚገዛው ብስኩትና የተጠበሰ ድንች ከምሳው ይበልጣል። ሜንዛ የሚሉት የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት በተማሪ መታወቂያ የሚያስከፍለው ዋጋ ውጭ አይገኝም። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነ ቪጋን የሚል ምልክት ያለበትን ምግብ ፈልጊ፤ ሥጋ፣ ወተትም ሆነ እንቁላል የለበትም፣ ብዙ ጊዜም ከሥጋው ይረክሳል።

ገንዘብሽ የሚያልቀው መልስ ሳትሰጪ ባስቀመጥሻቸው ደብዳቤዎች ነው። የሬዲዮና የቴሌቪዥኑን ክፍያ እንውሰድ። ቴሌቪዥን ኖረሽ አልኖረሽ ለውጥ የለውም፤ ክፍያው በቤት ነው፤ በወር 18.36 ዩሮ። ዝም ካልሽ ውዝፉ ይቆለልና ቅጣት ይጨመርበታል። ነገር ግን በአንድ ቤት አንድ ሰው ከከፈለ ይበቃል። ስለዚህ ዛሬውኑ አብረውሽ የሚኖሩትን ልጆች ጠይቂ። አንዳቸው ቀድመው የሚከፍሉ ከሆነ የእነርሱን የክፍያ ቁጥር በመልስ ቅጹ ላይ ጽፈሽ ላኪ፤ በስምሽ የመጣው ይዘጋል። ከዚያ ለሦስት ስትካፈሉት ለእያንዳንዳችሁ 6.12 ዩሮ ይደርሳችኋል። በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ኩሽናና መታጠቢያ ለብቻው ያለው ክፍል ግን እንደ አንድ ቤት ስለሚቆጠር፣ ወደፊት ቤት ስትቀይሪ ይህን አስቢበት።

መድኑን በሚመለከት ጓደኞችሽን አትስሚ። አጥብቄ ነው የምልሽ። ከ30 ዓመት በታች ያለ ተማሪ በሕዝባዊው የጤና መድን ውስጥ በተማሪ ዋጋ ይገባል። ከዚያ ለመውጣት አንዴ ከፈረምሽ ትምህርትሽን እስክትጨርሺ መመለስ አትችይም። ርካሽ የሚባሉት ብዙዎቹ የመንገደኛ መድን ናቸው፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምን፣ እርግዝናን፣ የጥርስ ሕክምናን ይተዋሉ። በወር የሚተርፍሽ ገንዘብ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ብታድሪ አይመክትልሽም።

አሁን ወደ ፍራንክፈርቱ መንገድ። ለአውቶቡስ ለምን ትከፍያለሽ? በየሴሜስተሩ ከምትከፍይው ገንዘብ ውስጥ በመላው ጀርመን የሚሠራ የትራንስፖርት ትኬት እንዳለበት አጣሪ። ካለበት፣ ፈጣኖቹን ባቡሮች ትተሽ በክልል ባቡሮች፣ በከተማ አውቶቡስና በትራም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትሄጃለሽ። ከካስል በማርቡርግና በጊሰን በኩል የሚያልፈው የክልል ባቡር በሁለት ሰዓት ገደማ ፍራንክፈርት ያደርስሻል። የሚቀጥለውን የሴሜስተር ክፍያም ለስድስት ወር ከፋፍለሽ ከወዲሁ ለብቻ አስቀምጪ፤ አንድ ላይ ሲመጣ ነው ወሩን የሚያናጋው።

ከፍራንክፈርት ግን የተጋገረ እንጀራ ሳይሆን የጤፍ ዱቄት ይዘሽ ተመለሺ። ጤፍ እዚህ ውድ ስለሆነ ግማሹን የስንዴ ወይም የሩዝ ዱቄት አድርጊው። ለብ ባለ ውኃ አቡክተሽ፣ ከአንዷ ሐበሻ ጎረቤት እርሾ ለምነሽ ጨምሪበት። ክረምት ላይ ሊጡ አልነሣ የሚለው በብርዱ ነው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ከግድግዳው ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጪው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ የጠለለውን ውኃ ቀንሺ፤ ከሊጡ ጥቂት ጨልፈሽ አብሲት ጣዪ፤ ለብ ሲል መልሰሽ ቀላቅይውና ኩፍ እስኪል ጠብቂ። ለምጣድ ክዳን ያለው የማይዝ መጥበሻ ይበቃል፤ ዓይን ማውጣት ሲጀምር ክደኝው። የተረፈውን ለያይተሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ። ምስር፣ ሽምብራና ሽንኩርት ከቱርኮች ሱቅ በትልቁ ግዢ፤ ሱፐርማርኬት ስትገቢ ደግሞ የእሽጉን ዋጋ ትተሽ በመደርደሪያው ላይ በትንሹ የተጻፈውን የኪሎ ዋጋ አንብቢ። ውኃ አትግዢ፤ የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ነው። የለስላሳ ጠርሙስና ጣሳ ስትገዢ ብዙ ጊዜ 25 ሳንቲም መያዣ ስለሚጨመር ባዶውን መልሰሽ ገንዘብሽን ውሰጂ። ለስልክ የሁለት ዓመት ውል አትፈርሚ፤ አስቀድሞ የሚሞላ ካርድ ይበቃሻል።

የእናትሽ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን ከ992ቱ አትላኪ። ያ ገንዘብ የጀርመን መንግሥት ለአንድ ተማሪ መኖሪያ ብሎ የተመነው ነው፤ ትርፍ የለበትም። ኪራዩን፣ መድኑን፣ የሚቀርሽንም በቁጥር ጽፈሽ ለእናትሽ አንብቢላት፤ እናት ይህን ትረዳለች። መላክ የምትችይው ሥራ ስታገኚ ነው። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንድትሠሪ ይፈቅድልሻል፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪ ረዳትነት ደግሞ ከዚህ ስለማይቆጠር መጀመሪያ የክፍልሽን መምህራን ጠይቂ። ከደመወዝሽ ግብር ከተቆረጠና የዓመቱ ገቢሽ ትንሽ ከሆነ የግብር ማስታወቂያ አስገቢ፤ የተቆረጠው ገንዘብ እንዲመለስልሽ እስከ አራት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይጠየቃል። ለእናትሽም የመጀመሪያውን ከዚያ ላኪላት።