ሐኪሙ ጰንጠሌዎን ወይስ ባሕታዊው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አቴንስ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የአክሱም አካባቢ ሰው ነበረች፤ ጥቅምት 6 በመጣ ቁጥር ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ አባ ጰንጠሌዎንን ትዘክር ነበር። እዚህ ሰፈራችን አጊዮስ ፓንደሌይሞናስ የሚባል ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙን ስሰማ የእናቴ ታቦት ነው ብዬ ሻማ ማብራት ጀመርኩ። ሥዕሉ ላይ ያለው ግን ጢም የሌለው ወጣት ነው፤ በእጁ ሣጥንና ማንኪያ ይዟል። እሳቸው ናቸው? ሌላው ደግሞ፣ እዚህ የተወለደችው የ15 ዓመት ልጄ ታሪኩን ስነግራት «45 ዓመት ራሱን ዘግቶ የቆመ ሰው ለማን ምን ጠቀመ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።
የእናቷ ልጅ፣ ከአቴንስ

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤዎ ሦስት ቀን ከኪሴ አልወጣም። ቀላሉን ላስቀድም። ሥዕሉ ላይ ያዩት ወጣት የእናትዎ ጰንጠሌዎን አይደለም። እርሱ የኒቆምድያው ሰማዕት ነው፤ ሙያው ሕክምና ነበር፣ ድሆችን ያለ ገንዘብ ያክም ነበር፣ በ4ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ስለ ክርስቶስ ተሰየፈ። ሣጥኑም የመድኃኒት ነው።

እናትዎ ሲዘክሯቸው የኖሩት አባ ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ናቸው፤ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ፣ የአባ አረጋዊና የአባ ገሪማ ባልንጀራ። ከሐኪሙ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው ነው አክሱም የገቡት። ገድላቸው ከሮም መኳንንት ተወለዱ ይላል፤ በዚያ ዘመን ሮም ሲባል የቁስጥንጥንያው መንግሥት መሆኑን ልብ ይበሉ። ጾማዕት ማለት ደግሞ አንድ መናኝ ብቻውን የሚዘጋባት ጠባብ በዓት ናት።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ ልምጣ። እኔም በእርስዋ ዕድሜ የኔታን ይህንኑ ጠይቄ ተቆጥተውኛል፤ ስለዚህ እባክዎ አይቆጧት።

ዘጠኙ ቅዱሳን ቤተ ቀጢን በሚባለው ስፍራ 12 ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ተለያዩ። አባ አረጋዊ ደብረ ዳሞን ወጡ፣ አባ ይምዓታ ገርዓልታ ገቡ። አባ ጰንጠሌዎን ግን ሩቅ አልሄዱም። ከአክሱም ወጣ ብላ ያለችውን ሹል የድንጋይ ኮረብታ መረጡ። ዳዊት የደገምኩት አክሱም ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በአፄ ካሌብና በአፄ ገብረ መስቀል መቃብር በኩል አልፎ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን አናቷ ላይ ቆሜ የዓድዋን ተራሮች ሳይ ልቤ ተከፈተ። ከሰው ሸሽቶ መጥፋት የፈለገ መነኩሴ እንዲህ የንጉሥ ከተማ አፍንጫ ሥር አይቀመጥም፤ ይህን ያሰብኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ገድሉ የበዓታቸውን ልክ ይናገራል፤ ርዝመቷ 5 ክንድ፣ ወርዷ 2 ክንድ፣ ቁመቷ 3 ክንድ። በር የላትም፣ ያላት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት። ትናንት ማታ ጠመኔ ይዤ ሳሎኔ ወለል ላይ ለካኋት። የእኔ ክንድ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ30፣ ወርዷ አንድ ሜትር የማይሞላ ሆነ። ቁመቷን ግድግዳው ላይ ምልክት ሳደርግ ከደረቴ እምብዛም አላለፈም። 45 ዓመት ቆመው ጸለዩ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነበር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣብኝ። በዚያ ልክ ግን የሚቆም ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እንደሚሰግድ ሆኖ ነው የሚቆመው። ባለቤቴ እስክትጠራኝ ድረስ ከጠመኔው መስመር ውስጥ አልወጣሁም።

ቀዳዳዋን ለልጅዎ አጥብቀው ይንገሯት። እ.ኤ.አ. በ523 የሒምያር፣ ማለትም የዛሬዋ የመን አካባቢ፣ ንጉሥ ዙ ኑዋስ፣ መጻሕፍታችን ፊንሐስ የሚሉት፣ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። አፄ ካሌብ በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሊዘምቱ ሲሉ መጀመሪያ የወጡት ወደዚያች ኮረብታ ነው። ሠራዊትና መርከብ ያዘጋጀ ንጉሥ፣ በር ከሌላት ቤት ፊት ቆሞ ጸሎት ለመነ። አባም ባርከው ሸኟቸው። ወታደሮቹ በኋላ አባ ጰንጠሌዎንን በጦርነቱ መካከል አየናቸው ማለታቸውን ገድሉ ይተርካል፤ እሳቸው ግን ከበዓታቸው ንቅንቅ አላሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። አፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ኢየሩሳሌም በጌታ መቃብር እንዲሰቀል ልከው፣ መንግሥታቸውን ትተው መነኰሱ። የገቡትም ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ነው። ከቤተ መንግሥት ይዘው የወጡት አንዲት ምንጣፍና አንዲት ጽዋ ብቻ እንደሆነ ይነገራል። «ለማን ጠቀመ?» ላለችው ልጅዎ እኔ ያለኝ መልስ ይህ ንጉሥ ነው። በዘመኑ ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የሚፈራ ሰው ነበር። ዘውድን ማስቀመጥ እንደሚቻል ያየው ከዚያች ቀዳዳ ማዶ ከቆመው ሽማግሌ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሻማውን ግን አይተዉ። ሐኪሙም የእኛ ቅዱስ ነው፤ መታሰቢያው በስንክሳራችን ጥቅምት 15 ይነበባል። የእናትዎ ዝክር ጥቅምት 6 በአብዛኛው ኦክቶበር 16 ላይ ይውላል። አፄ ካሌብን እኛ ግንቦት 20 እናስባቸዋለን፤ ግሪኮች ደግሞ ኤሌስባን ብለው ኦክቶበር 24 ከናግራኑ ሰማዕት ከአሬታስ ጋር ያስቧቸዋል። በዚያ ቀን ልጅዎን ይዘው ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፤ ግሪክኛውን ከእርስዎ ይልቅ እርስዋ ስለምትችል ስለ ኢትዮጵያው ንጉሥ ቄሱን ትጠይቃቸው። ከዚያ በፊት ግን ጠመኔ ይስጧትና በዓቷን በራሷ ክንድ ትለካት። ስንት እንደሆነ ጽፋ ብትልክልኝ ደስታዬ ነው።