ቆጠራውን ከበሩ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ጎጃም ውስጥ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየዞርሁ የስልክ መስመር ስዘረጋ ነው ፀጉሬ የሸበተው። አሁን ስልኩ በኔትወርክ ሆኗል፤ ሥራውም የእናንተ ነው። አንድ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሳቅድ የሠራተኛ ዝርዝር ተቀበልሁ። 48 ሰው ነበር። ሁለት ጨምሬ የ50 ላይሰንስ፣ ማለት ስልክ በሥርዓቱ ላይ የሚመዘገብበት ፈቃድ፣ ይገዛ ብዬ ጻፍሁ። ተከላው ሳያልቅ 51ኛው ስልክ አልመዘገብም አለ። ጥበቃ ቤቱን፣ መጋዘኑን፣ የስብሰባ አዳራሹን፣ ፋክሱን አልቆጠርኋቸውም። ኃላፊዎቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ስልክ ሌላ በእጅ ስልካቸውም በቢሮው ቁጥር የሚያነጋግረው መተግበሪያ እንዲጫንላቸው ፈለጉ። ያ ሥርዓት የሚቆጥረው ሰውን ሳይሆን መሣሪያን ነበርና አንዱ ሰው የሁለት ላይሰንስ በላ። ተጨማሪው ግዥ የሐምሌን በጀት ጠበቀ። እስከዚያ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽማግሌው ጥበቃ ግቢውን እያቋረጡ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ሻጩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ላይሰንሱ የሚቆጥረው ሰው ነው፣ መሣሪያ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የሚካሄድ ጥሪ? ስልኮቹን የሚያገናኘው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቢቃጠል ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል? በየዓመቱ ይታደሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለወደፊት ይሆናል ብሎ እጥፍ መግዛትም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ በዓመት የሚታደስ ከሆነ ላልተነካ ቀፎ ስትከፍሉ ትኖራላችሁ። እኔ በቆጠርሁት ላይ አንድ አምስተኛ ያህል እጨምራለሁ፤ በቅቶኛል።

የውጭ መስመር ሒሳቡ ሌላ ነው። 60 የውስጥ ስልክ አለ ተብሎ 60 የውጭ መስመር አይገዛም። ለኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ ስንት መስመር እንደሚበቃ ለማስላት በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር ዛሬም ይሠራል። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 60ዎቹ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ ወደ ውጭ ቢነጋገሩ 180 ደቂቃ ነው፤ ለ60 ደቂቃ ሲካፈል 3 ኤርላንግ ይባላል። ከመቶ ጥሪ ከአንድ በላይ መስመር እንዳያጣ 8 መስመር ይበቃል። በአንድ ጊዜ 30 ንግግር የሚሸከመው ኢ-ዋን የሚባለው የውጭ መስመር ለእንዲህ ያለ ቢሮ ትርፍ ነው። ግን የምትለኩበትን ቀን ምረጡ። የግብርና ጽሕፈት ቤትን ስልክ በጥር ለክቶ ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን ይበቃዋል ማለት ገበሬውን ደጅ ማስጠናት ነው።

የስልኮቹ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበትን ስዊቹንም እዩ። 24 ቀዳዳ አለው ማለት 24 ስልክ በኤሌክትሪክ ይመግባል ማለት አይደለም። ለያንዳንዱ ቀዳዳ 15.4 ዋት ቢታሰብ 370 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ የዚህን ግማሽ ብቻ የሚሰጥ ስዊች አለ። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪም በዚሁ ልክ ይታሰብ።

የጥበቃ ቤቱ ስልክ በመጨረሻ ነሐሴ ላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬን ይዤ የትኛውም ግቢ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው በሩ ላይ ያሉትን ሰው ነው።